የኔ ነው ያላልኩት ግጥም

ክፍሉን ከማየቴ በፊት ጫማዎቹን አየሁ። ከብረት በሩ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር፣ አሥራ አራት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፤ ኮንጎ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጀርባው የተረገጠ አንድ የቆዳ ጫማ። ማሰሪያ ያለው አንድም የለም። ፖሊሱ ቁልቁል የኔን አየ። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ ጥቁር ቡትስ ነበር።

"ወታደር ነህ እንዴ?" አለኝ።

"አይደለሁም። ሙዚቀኛ ነኝ።"

"ሙዚቀኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የጦር ሜዳ ጫማ የሚያደርገው?"

እውነቱን ለመናገር ያን ቡትስ የገዛሁት መድረክ ላይ የሚያስፈራ ሰው እንድመስል ነበር። ማሰሪያውን ፈትቼ በሁለት እጄ አቀረብኩለት፤ የሚያስፈራው ሰውዬ የት እንደገባ እንጃ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ከዚያ ሽታው መጣ። የአርባ ምንጭን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ሥር ሲታፈን ደግሞ ሌላ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከጣሪያው ሥር ክንድ የማያስገባ መስኮት አለ፣ በሱ በኩል የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ይታያል። ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አለ። ሰዎቹ ጀርባቸውን ግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ቡሉኮ አጣጥፈው የተቀመጡበት አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ቡሉኮውን ኦቾሎ በሚባለው መንደራቸው፣ ቤታቸው፣ ራሳቸው እንደሸመኑት በኋላ ነገሩኝ። ለምን እንደታሰሩም ነገሩኝ። የመንደሩ የግጦሽ መሬት ለባለሀብት ይሰጥ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ፣ የሚስማማ እጁን ያውጣ ሲባል፣ እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለው ቀሩ።

"አልገባኝም አልኩ፣ ልጄ። ያልገባኝን እንዴት እጅ አወጣለሁ?"

ይህን ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱን ለመናገር ስለ ባንዳችን ማውራት አለብኝ።

አራት ነበርን። ጊታሪስቱ ከአዲስ አበባ ለዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ከባድ ሮክ ተሸክሞ መጥቶ ከተማችንን የበከለው እሱ ነው። ድራመሩ ጋራዥ ይሠራል፣ ድራሙም ከፈረሰ የቀበሌ ኪነት ቡድን የተረፈ ነበር። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ዘፋኛችን ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው የጫኖ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት የሙዝና የማንጎው ማሳ በሱና በእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ አዘቦት ቀን የመስኖ ቦይ ይጠርጋል፣ ቅዳሜና እሁድ ይጮሃል። መጮህ የምለው ለማሳነስ አይደለም። ከሆዱ ሥር ጎትቶ የሚያወጣው፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነበረው። ሲያወራ ግን አጠገቡ ቁጭ ብለህም ጆሮህን ካላስጠጋህ አትሰማውም።

የምንለማመደው እዚያው ጫኖ፣ የአጎቱ ሙዝ ማብሰያ ቤት ውስጥ ነበር። ጥሬ ሙዝ የሚበስለው በታፈነ ቤት ነው፤ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፣ የበሩ ስንጥቅ በጆንያ ይወተፋል፣ ውስጥ የነጭ ጋዝ ምድጃ ይለኮሳል። አየር የማያስወጣ ቤት ድምፅም አያስወጣም ብለን መረጥነው። አንድ ቀን ሙዙ ሳይወጣ ገብተን ሙዚቃችንን ስንደበድብ ዋልን። አጎቱ በማግስቱ ከፍተው ቢያዩ ሙዙ ከቀኑ ቀድሞ በስሏል። "ይሄ ሙዚቃችሁ ደግ ነገር ነው" አሉን። በሕይወታችን ያደነቁን ብቸኛ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

ማጉያ የምንገዛበት አቅም አልነበረንም። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አሮጌ ሞንታርቦ አስነሣልን፤ ድምፁ እንዲሻክርልን አንድ ቦታ እንዲያበላሸው ስንለምነው፣ "ዕድሜዬን ሙሉ አስተካክልልኝ ነው የምባለው፤ አበላሽልኝ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ" ብሎ ሲስቅ ዋለ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ፊት የተጫወትነው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ሰርግ ነበር። የሙሽራው ወንድም ባንድ ነን ስላልነው ብቻ ምን ዓይነት ባንድ እንደሆንን ሳይጠይቅ ጠራን። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኛችን ጉሮሮውን ሲከፍተው የሙሽሪት አክስት "ኧረ ልጁን ያዙት፣ አሞታል!" ብላ በብርጭቆ ውሃ ይዛ ሮጠች። ውሃውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ቀጠለ። የቀረው ዝናችን በስልክ የተገኘ ነው። ሙዝ ቤት ውስጥ የቀዳነው ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ እየተገለበጠ ሄዶ ከተራሮቹ ማዶ ካምባ ገበያ ላይ ሲጫወት ሰማሁት ያለን ሰው ነበር። ያን ቀን አራታችንም በደስታ ዋልን፤ ካምባ ለኛ ዓለም ማለት ነበር።

ግጥሞቹን ዘፋኛችን ቦይ ሲጠርግ በጭንቅላቱ ይሠራቸዋል። ቅዳሜ ሲመጣ በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ በደብተር አሰፍራለሁ። እናቴ መምህርት ስለነበረች እጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ጸሐፊነቱ ለኔ የተሰጠኝ ለዚህ ነው። ደብተሩ ውስጥ አሥራ አራት ዘፈን ነበር። አሥራ ሦስቱ የሱ ናቸው፤ ስለ መስኖ ውሃ ተራ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ አንዲት የምግብ ቤት ልጅ። አንዱ የኔ ነው። እሱም እንዲህ የሚል ነበረበት፦

እጃችሁን አንሱ ሲሉን አነሣን፣
ያነሣነው እጅ የማን እንደሆነ ረሳን።

ይህን የጻፍኩት አባቴን አይቼ ነው። አባቴ ከሰሜን ተሹሞ መጥቶ በዞኑ አንድ ቢሮ በኃላፊነት የሠራ ሰው ነው። ሁሉም ሰው አንድ ለአምስት የተጠረነፈበት፣ ስብሰባ የማያልቅበት ዘመን ነበር። አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ የድምፅ ማጉያውን እንዳስተካክል ተጠርቼ ከሞንታርቦው ጀርባ ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው ጥያቄውን ተናግሮ ሳይጨርስ የአባቴ እጅ ወጣ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ዘፋኛችን አንብቦ፣ "ይሄ ያንተ ነው?" አለኝ፤ አዎ ስለው ሌላ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከዘፈኖቹ ሁሉ አስበልጦ የሚጮኸው እሱን ሆነ።

ይኸው ዘፈን በስልክ ሲዛመት ጉድ ፈላ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፖሊሶች የሙዝ ቤቱን በር ጆንያ ገፍተው ገቡ፤ ደብተሩን፣ ስልኮቻችንን፣ እኛንም ወሰዱ። ጊታሪስቱና ድራመሩ ምንም አልጻፉም ተብለው በማግስቱ ተለቀቁ። እኔና ዘፋኙ ቀረን፣ በተለያየ ጣቢያ።

በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ ሰው ነበር። ተቀመጥ አለኝ። ለስላሳ አስመጣልኝ። አንድ ጥፊ አልቀመስኩም፣ አንድ ስድብ አልሰማሁም። ይህን ዛሬም ለሰው ስናገር ድምፄ ዝቅ ይላል። ሰዎች ስለ እስሬ ሲያወሩኝ "ምን አደረጉህ?" ይሉኛል። ምንም። ለስላሳ ጋበዙኝ።

ደብተሩን ገለጠና ሁለቱ ስንኞች ላይ ጣቱን አኖረ።

"ጽሑፉ ያንተ ነው?"

"አዎ።"

"አባትህን አውቃቸዋለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው። ይህን አይተውታል?"

አላየውም አልኩ። ከእስሩ በላይ የፈራሁት አባቴ መነጽሩን አድርጎ ያን ስንኝ ሲያነብ፣ አንብቦም የማን እጅ እንደሆነ ሲያውቅ ነበር።

"ጽሑፉ ያንተ ነው። ሐሳቡስ? ገጣሚው ማን ነው?"

ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ የሱ ናቸው። ይህን በልቤ ደጋግሜ አልኩት፤ ልክ ያ አንዱን የሚያጠፋ ይመስል።

"ዘፋኙ ነው" አልኩ። "እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁሉንም።"

መርማሪው ቃሌን ጻፈ፣ አነበበልኝ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬም ያምራል።

አሁን የምነግራችሁ ቀን አራተኛው ነው።

ጠዋት በሩ ተከፈተና ዘፋኛችንን አስገቡት። ያለበት ጣቢያ ሞልቶ ነው አሉ። ሳየው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ።

"ቡትስህን ውጭ አየሁት" አለ በዚያ በማይሰማ ድምፁ። "ያለ ማሰሪያ ሲያዩት የገበሬ ጫማ ይመስላል።"

እስረኞቹ ዘፋኙ መሆኑን ሲያውቁ ከበቡት። ሽማግሌው ያን የእጅ ዘፈን በልልን አሉት። በቀስታ፣ ሳይጮህ፣ እንደ ንግግር አድርጎ ነገራቸው። ሽማግሌው ሁለቱን ስንኞች አስደገሙትና ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

"የኔ ግን አልጠፋኝም" አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "ይሄንን ያለ ሰው ይባረክ" አሉት። ዘፋኛችን ወደኔ አላየም። አመሰግናለሁም አላለም። ወለሉን አየ።

ምሳ ሰዓት እናቱ ከጫኖ ይዛለት የመጣችው ኩርኩፋ ገባ፤ የበቆሎው ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር፣ ገና ትኩስ። ለኔም ከቤት ምሳ ዕቃ መጣልኝ። አንድ ላይ አደረግነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ለኔ አጎረሰኝ።

ከምሳ በኋላ ማንቀጥቀጥ ጀመረው። መጀመሪያ ብርድ፣ በዚያ ሙቀት። ቀጥሎ ትኩሳቱ ወጣ፤ ግንባሩን ስነካው እጄን ሳብኩ። ወባ ነው፤ እኛ አገር ለማወቅ ሐኪም አያሻም። በሩን ደበደብን። ተረኛው ፖሊስ፣ ገና ወጣት የአካባቢው ልጅ፣ በቀዳዳው አየና "መኪና የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቁ" አለ። ጠበቅን። ሽማግሌው ቡሉኮአቸውን አለበሱት፤ እኔም ብርድ ልብሴን ደረብኩለት። አሁንም ይንቀጠቀጣል።

በመጨረሻ ሽማግሌው ተነሥተው መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ይሄ ትኩሳት ዝም ብላ አልመጣችም" አሉ። አማርኛቸው ቃል እየመረጠ ነው የሚወጣው። "በኛ በጋሞ ጎሜ እንለዋለን። ሰው ክፉ ይሠራል፣ ይደብቃል። የደበቀው ነገር ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በሽታ ሆኖ ሌላ ሰው ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ መናገር ነው።"

"አባባ፣ ወባ እኮ ነው" አለ አንድ ባጃጅ ነጂ። "ትንኝ ናት።"

"ትንኝ ናት፣ አውቃለሁ። ትንኝ ግን ሁላችንንም ነክሳለች። የታመመው አንድ ነው።"

ሽማግሌው ከራሳቸው ጀመሩ። እናቷ በሞተችባት ሰሞን ሚስታቸውን ወጥ አረረ ብለው እንደተቆጧት፣ እስከ ዛሬም ይቅር በይኝ እንዳላሏት ተናገሩ። አጠገባቸው ያለው ገበሬ ቀጠለ። የወንድሙን የድንበር ድንጋይ ሁለት እርምጃ ገፍቷል። ባጃጅ ነጂው ሲስቅ ቆይቶ ተራው ሲደርስ ሳቁ ጠፋ፤ ምን እንዳለ አልናገርም፣ የሱ ነው። አንድ ሥራ ያጣ ተመራቂ ደግሞ ለእናቱ ተቀጠርኩ ብሎ ዋሽቶ፣ ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው ሸሚዝ ለብሶ እየወጣ አባያ ሐይቅ ዳር ሲቀመጥ እንደሚውል ተናገረ። ተናግሮ ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ። የሁሉም ትከሻ ሲወርድ አይ ነበር። በጎሜ አላምንም፤ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የአገር ቤት ወሬ ይባላል። ግን ተራው እየቀረበኝ ሲመጣ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ደረሰኝ። ሁሉም አየኝ። ጓደኛዬ ከሁለት ልብስ ሥር ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"እኔ..." አልኩ። "ከጫኖ፣ ከሰው ማሳ ማንጎ ሰርቄያለሁ።"

ከቡሉኮው ሥር የደከመ ሳቅ ተሰማ። "የአጎቴ ማንጎ ነው" አለ። "አብረን ነው የበላነው። እሱ ራሱ ነው ብሉ ያለን።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አነሡና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። አንድ ሳጅን ስሜን ጠርቶ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" አለኝ። እስረኞቹ እንኳን ደስ ያለህ እያሉ ጀርባዬን መቱ። ብርድ ልብሴን ተዉለት ብዬ ተነሣሁ። ጓደኛዬ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

"እናቴ ውጭ አለች" አለኝ። "ደህና ነው በላት። ትኩሳቱን አትንገራት።"

ይሄ ነው የሰበረኝ። ከኔ የሚፈልገው ይህችኑ ብቻ ነበር።

"ያን ግጥም" አልኩት፤ ቆሜ፣ ሳጅኑ በር ላይ እየጠበቀ። "መርማሪው ሲጠይቀኝ የኔ ነው አላልኩም። ያንተ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።"

ባጃጅ ነጂው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንዲሰድበኝ ፈለግሁ፤ ቢሰድበኝ ቀለል ባለኝ።

"ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን አሳይተውኛል" አለ። "ፊርማህን አይቻለሁ።"

ጠዋት። ማለትም ወደዚህ ክፍል ከመምጣቱ በፊት። በፈገግታ ሲገባ ያውቅ ነበር፤ ሲያጎርሰኝ ያውቅ ነበር፤ ማንጎ ሰረቅሁ ስል ያውቅ ነበር። ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ ተናገሩ። "ለኛ ነገርከን። ደግ አደረግህ። ወረቀቱ ግን እኛ ጋ የለም።"

ወደ መርማሪው ቢሮ ስገባ የጫማዬ ማሰሪያ በፖስታ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ለመውጫዬ አንድ ቦታ እንድፈርም ወረቀት ገፋልኝ። አልፈረምኩም። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ።

"ያ ግጥም የኔ ነው" አልኩት። "የሱ አይደለም።"

መርማሪው አልተቆጣም። ወንበሩን ሳበ፣ ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አወጣ፣ የራሱን እስክሪብቶ ከፈተ።

"ልጻፈው?" አለኝ። "ከጻፍኩት አትወጣም። አባትህም ለምን እንዳልወጣህ ማወቅ አለባቸው፤ በር ላይ ቆመዋል። አስብበት። ልጻፈው?"

በመስኮቱ በኩል አባቴ ይታየኝ ነበር። ኮቱን ለብሶ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ተዉት" አልኩ።

እስክሪብቶውን ከደነ። ፈረምኩ። ማሰሪያዬን ተቀበልኩ።

ከግቢው ስወጣ አባቴ ክንዴን ያዘና "ግባ፣ መኪና ውስጥ ግባ" አለኝ። የጓደኛዬ እናት ከአጥሩ ሥር ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች። ደህና ነው በላት ብሎኝ ነበር። የአባቴን እጅ አስለቅቄ ሄድኩ።

"እማማ፣ ወባ ይዞታል" አልኳት። "እያንቀጠቀጠው ነው። መኪና የለም ብለው አልወሰዱትም።"

አልጮኸችም። ከአጥሩ ሥር ርጥብ ሳር ነጨች፣ በሁለት እጇ ይዛ መግቢያው መሐል ተንበረከከች። ያ ወጣት ፖሊስ "ተነሽ እማማ፣ አይቻልም" እያለ መጥቶ ሳሩን ሲያይ ቆመ። የጋሞ ልጅ ነው። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ ማለፍ እንደማይቻል ከኛ የተሻለ ያውቃል። ወደ ውስጥ ተመልሶ ሮጠ። እኛ መኪና ውስጥ ገብተን ሳንሄድ፣ ልጇን በሁለት ሰው ደግፈው ሲያወጡትና የኃላፊው ፒክአፕ ላይ ሲያሳፍሩት አየሁ። አባቴም አየ። "ያ ማን ነው?" አለኝ። "ጓደኛዬ ነው" አልኩት። ሞተሩን አስነሣ።

ዘፋኛችን ዘጠኝ ወር ታሰረ። ባንዱ በዚያው ፈረሰ። ጊታሪስቱ ተመርቆ ሄደ፣ ድራሙን ድራመሩ ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠው። እኔ ሌላ ከተማ ሥራ ይዤ ዓመታት አሳለፍኩ። አባቴ ስንኙ ስለሱ እጅ መሆኑን ሳያውቅ ሞተ፤ ያንንም ላለመናገሬ እንደ ምክንያት ስጠቀምበት ኖርኩ። ከዚያ ባለፈው ዓመት አንድ የማላውቀው ወጣት የሙዝ ቤቱን ቅጂ በኢንተርኔት ለቀቀው። ሰዎች ሥር ሥሩ ይጽፋሉ፤ ያን የእጅ ስንኝ የገጠመው ዘፋኙ ምን ዓይነት ደፋር ነው ይላሉ። እያንዳንዱን አነበብኩ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ጫኖ ማሳው ላይ አገኘሁት። ወፈር ብሏል፤ ፀጉሩ ሸሽቷል። የማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። መርማሪው ጋ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ አንድ ጊዜ እንደተናገርኩ፣ ልጻፈው ሲለኝ ተዉት እንዳልኩ።

ዶማውን በእግሩ ጣት እየገፋ ሰማኝ።

"እኔን አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ" አለ። "የማን ነው እያሉ። ፊርማህ እዚያው እያለ። ካንተ አፍ የወጣውን አላመኑትም መሰለኝ፤ ያንተን ስም ከኔ አፍ ሊሰሙ ፈልገው ይሆናል። ሁልጊዜ የኔ ነው አልኳቸው።"

"ለምን?" አልኩት።

የጠየቅሁት ነገር የገረመው መሰለ። "ስዘፍነው እኮ የኔ ነበር" አለ።

የውሃ ተራው ደርሶ ከላይኛው ማሳ ጠሩት። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቦዩ ወረደ። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኩት፤ አልከለከለኝም። ጎን ለጎን ሆነን፣ እሱ እየከፈተ እኔ እየደፈንኩ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሙዙን አጠጣን። ይቅር በለኝ ልለው ነበር የሄድኩት። አፍሬ ሳልለው ተመለስኩ።